ሻንጣው ይቆይ፣ አያትሽ ይቅደሙ

ጥያቄው፦ «አባቴ ካረፈ ዓመት አለፈው። አልጋው ሥር አንድ የቆርቆሮ ሻንጣ ትቶልናል። ውስጡ ብዙ ፎቶ፣ የተጣጠፉ ደብዳቤዎችና ሦስት ካሴት አለ። አንዱ ካሴት ላይ በአባቴ የእጅ ጽሑፍ ‹ለእማዬ› ይላል። አያቴ፣ የአባቴ እናት ማለቴ ነው፣ ጣና ዳር ዘጌ ተወልደው ያደጉ ናቸው። አሁን ባሕር ዳር ከእኛ ጋር ይኖራሉ። ሰማንያን አልፈዋል፣ ዓይናቸውም ደክሟል፤ ጨዋታቸው ግን እንዳለ ነው። ወንድሜ ‹ሁሉንም ስካን አድርገን ቴሌግራም ላይ እንጫነውና ከሻንጣው እንገላገል› ይላል። እኔ ግን አልተዋጠልኝም። ለልጆቻችን እንዲቆይ ከየት ልጀምር?»

እህቴ፣ በመጀመሪያ እግዚአብሔር ያጽናችሁ።

ወንድምሽ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም። ስካን ማድረጉ አይቀርም፤ ቴሌግራምም የራሱ ጥቅም አለው። እኔ የማልስማማው ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። እጃችሁ ላይ ያለው ሦስት ነገር ነው፦ የአያትሽ ትዝታ፣ ካሴቶቹ፣ ከዚያ ፎቶና ደብዳቤው። ሥራውም በዚሁ ተራ ይሂድ። ፎቶዎቹ እስከ ዛሬ ሻንጣ ውስጥ ጠብቀዋል፤ ደረቅ ቦታ ካገኙ አንድ ዓመት ቢጨምሩ ምንም አይሆኑም። ካሴት እንዲያ አይታገስም። ስለ አያትሽ ዕድሜ ደግሞ እኔ ልነግርሽ አያስፈልግም።

እኔ በመዝገብና በሰነድ ጥበቃ ሥራ ነው የኖርኩት። ሰው ይዞልኝ የሚመጣው ችግር አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ፎቶው አለ፣ ጥርት ብሎ ይታያል። አምስት ሰው ተሰልፎ ቆሟል። ከአምስቱ የአንዱን እንኳ ስም የሚያውቅ ቤት ውስጥ የለም። ለዚህ ስካነር ምንም አይፈይድም።

ስለዚህ መጀመሪያ ስልክሽን አንሺ። ስልክሽ ላይ ያለው የድምፅ መቅጃ ይበቃል፤ ማይክ ግዢ አልልሽም። ስልኩን በረራ ላይ አድርጊው፤ አለዚያ ወሬው ሲጦፍ ሰው ይደውላል። ከአያትሽ አንድ ክንድ ያህል ራቅ አድርገሽ የታጠፈ ነጠላ ላይ አስቀምጪው። ረከቦቱ ላይ እንዳታደርጊው፤ የስኒው መንቀጫቀጭ በቀረጻው ላይ እንደ ነጎድጓድ ነው የሚሰማው። ቡና ሲፈላ ጨዋታው ጥሩ ነው፣ ግን አቦል ላይ ሰው ይገባል ይወጣል፣ ሙቀጫው አለ፣ ልጆች አሉ። ቶና ላይ ሁሉም ይረጋጋል። ያኔ ጀምሪ። ከግማሽ ሰዓት ብዙም አትለፊ፤ ሲደክማቸው ማሳጠር ይጀምራሉ፣ አንቺም ያጠረውን ታሪክ ይዘሽ ትቀሪያለሽ። አጭር እያደረግሽ ደጋግሚው።

ፈቃድ ጠይቂ። ስልክ ደብቆ መቅዳት ነውር ነው፣ ጥቅምም የለውም። «እማማ፣ ልጆቼ ድምፅዎን እንዲሰሙት ልቅዳዎት» ማለት በቂ ነው። አብዛኞቹ እናቶች እንዲያውም ነጠላቸውን አስተካክለው ነው የሚቀመጡት።

አሁን ዋናው ነገር፣ ጥያቄው። «የሕይወት ታሪክዎን ይንገሩኝ» ብለሽ አትጀምሪ። መልሱን ከአሁኑ ልንገርሽ፦ «ምን ታሪክ አለኝ ልጄ፣ ኖርኩ በቃ።» ትልቅ ጥያቄ ትልልቅ ሰዎችን ያስደነግጣል፤ ፈተና ይመስላቸዋል። ትንሽና የሚጨበጥ ነገር ጠይቂ።

አያትሽ የዘጌ ሰው መሆናቸው ሀብት ነው። ዘጌ ላይ በገዳሙ ሥርዓት በሬ ጠምዶ ማረስ የተከለከለ መሆኑን ታውቂ ይሆናል። ገዳሙን የመሠረቱት አቡነ በትረ ማርያም በትራቸውን ሦስት ቦታ ሰብረው ቡና፣ ጌሾና ሎሚ ሆኖ በቀለ የሚለው ትውፊት ከዚያው ጋር ይሄዳል። እንግዲህ ከዚህ ስንት ጥያቄ ይወጣል! ካልታረሰ ጤፉ ከየት ይመጣ ነበር? በምን ይለወጥ ነበር? ቡናውን ማን ይለቅም ነበር፣ ሴቶቹ ወይስ ሁሉም? እንጨቱ በታንኳ ወደ ባሕር ዳር ሲሄድ እርስዎ አብረው ተጭነው ያውቃሉ? ታንኳው የተሠራበት ደንገል ውኃ ሲጠጣ ቀሚስዎ ይርስ ነበር? ማዕበል ሲነሳ ማንን ነበር የሚጠሩት? «ቀሚስዎ ይርስ ነበር?» ብለሽ ስትጠይቂ ሰውነት ያስታውሳል። ሰውነት ሲያስታውስ ደግሞ የቀሪው ቀን ወሬ ሳይጠሩት ይመጣል።

ሲያቆሙ አንቺም ዝም በይ። ቶሎ ሌላ ጥያቄ አትወርውሪ። ከዝምታው በኋላ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ከፊቱ ካለው ይበልጣል። የተናገሩትንም አታርሚ። «እማማ፣ እሱ እኮ አጎትዎ ነው፣ ወንድምዎ አይደለም» አትበያቸው፤ ሌላ ቀን፣ በሌላ ጥያቄ ታጣሪዋለሽ።

ስም ላይ ቆም ብለሽ ሥሪ። የእኛ አገር የቤተሰብ ታሪክ የሚሰነጠቀው እዚህ ነው። ፈረንጁ በቤተሰብ ስም ይያያዛል፤ እኛ የአባት ስም ነው የምንይዘው፣ በሦስተኛው ትውልድ ላይ ስሙ ከመታወቂያው ይወርዳል። ከዚያ በላይ ደግሞ አንድ ሰው ብዙ ስም አለው። አያትሽ ወላጅ ያወጣላቸው ስም አላቸው። የክርስትና ስም አላቸው። ሲዳሩ አማት ያወጡላቸው ስም ሊኖር ይችላል፤ የገጠር ዘመዶቻችሁ የሚያውቋቸው በዚያ ብቻ ሊሆን ይችላል። ቤት ውስጥ የሚጠሩበትም አለ። ደብዳቤው ላይ አንዱ፣ የእድር መዝገብ ላይ ሌላው፣ የጸሎት መጽሐፍ ላይ ሦስተኛው ተጽፎ ስታገኚው ሦስት ሰው ይመስልሻል። ለእያንዳንዱ ዘመድ ስሞቹን ሁሉ ጠይቂ፣ አንድ ገጽ ላይ ጻፊያቸው። የክርስትና እናትና አባትንም አትርሺ።

ዘር ቆጠራውን ደግሞ ነገ ዛሬ አትበዪ። ምክንያቱን ልንገርሽ። ጎጃም ውስጥ ድሮ ርስት የሚጠየቀው በትውልድ ቆጠራ ነበር፣ በአባትም በእናትም በኩል። ዋናውን አባት፣ ማለትም መሬቱን መጀመሪያ የያዘውን ቅድመ አያት፣ መጥቀስ ያልቻለ መሬት አያገኝም። ስለዚህ ቆጠራ የቤት ጌጥ አልነበረም፣ እንጀራ ነበር። የካቲት 1967 የገጠር መሬት አዋጅ ሲወጣ ያ ሥርዓት ቀረ። ከዚያ ወዲህ ያደገ ሰው እስከ ሰባት ቤት መቁጠር የሚያስፈልገው ለጋብቻ ብቻ ሆነ፤ እሱንም ለሽማግሌ ትቶታል። ቆጠራውን ለኑሮ ብሎ የተማረው የመጨረሻው ትውልድ እንግዲህ የአያትሽ ትውልድ ነው። በአባታቸውም በእናታቸውም በኩል ያስቆጥሩሽ። ማን ከማን ጋር በመሬት ተካሰሰ የሚለውን ከጠየቅሻቸውማ ሙሉ ዛፉን ያወጡልሻል፤ ክርክር የሰውን ትውልድ እንደሚያስታውስ ከልምዴ አውቃለሁ።

ዘመኑን በቁጥር አትጠይቂያቸው። «በስንት ዓመተ ምሕረት?» የሚለው ጥያቄ ወይ ግምት ያመጣል ወይ ያሳፍራቸዋል። በሚያውቁት ነገር ለኪው። ጣሊያን ሲወጣ፣ ማለትም በ1933፣ ተወልደው ነበር? የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በ1953 ሲከፈት አግብተው ነበር ወይስ ገና? የመጀመሪያ ልጃቸው ፖሊቴክኒኩ ሲከፈት፣ በ1955፣ በእግሩ ይሄድ ነበር ወይስ ገና ይድህ ነበር? አብዮቱ፣ የእድገት በኅብረት ዘመቻ፣ የ77 ድርቅ፣ ደርግ የወደቀበት 83 ዓ.ም. እነዚህ ላይ ከተንጠለጠለ አብዛኛው ነገር በአንድ ሁለት ዓመት ልዩነት ይገኛል። ስትጽፊ ግን «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ማለት አትርሺ። ስልክሽ የሚመዘግበው በፈረንጅ ነው፣ ቤተሰቡ የሚያወራው በኛ ነው። እነዚህ ሲደባለቁ የሰባት የስምንት ዓመት ስህተት ይገባል፣ በኋላ ማን ያርመዋል?

አንድ ነገር ደግሞ፦ ያዜሙልሽ። የወፍጮ እንጉርጉሮ፣ የሰርግ ዘፈን፣ በተለይ የለቅሶ ግጥም። ሙሾ ውስጥ የሟቹ አገር፣ ሙያ፣ የማን ልጅነት፣ አንዳንዴም የሞቱ ምክንያት ይቀመጣል። ሰው ተራ ወሬ ሲጠየቅ የሚዘለውን በግጥም ይለዋል። ለአባታቸው ወይም ለባላቸው የወጣውን ሙሾ ካስታወሱ ከማንኛውም ፎቶ በፊት እሱን ቅጂው። የተናገሩትን በጽሑፍ ስታሰፍሪ ደግሞ እንደ ጋዜጣ አታቃኚው። የጎጃም አነጋገራቸው እንዳለ ይቀመጥ።

የሚያምም ነገር ይመጣል። የታሰረ፣ የጠፋ፣ የተጣላ፣ ያለ ጋብቻ የተወለደ። «ይህን አጥፊው» ካሉሽ አቁሚ፣ አጥፊው። «እኔ በሕይወት እስካለሁ ግን ለማንም እንዳታሰሚ» ካሉሽ ደግሞ ለብቻ አስቀምጪና በወረቀት ላይ የማን ፈቃድ እስከመቼ እንደሆነ ጻፊበት። መዝገብ ቤት ውስጥም እንዲሁ ነው የሚሠራው፤ ዝግ ፋይል የሚባል ነገር አለ። የወንድምሽ የቴሌግራም ሐሳብ የሚያሰጋኝም በከፊል ለዚህ ነው። አባታችሁ የጻፋቸው ደብዳቤዎች ውስጥ የሌላ ሰው ገመና ይኖራል። ያ ሰው ወይም ልጆቹ እዚያው ባሕር ዳር፣ ምናልባትም እዚያው ሰፈር ይኖራሉ።

ወደ ካሴቱ እንምጣ።

«ለእማዬ» የሚለው የድምፅ ደብዳቤ ሊሆን ይችላል። ስልክ ባልነበረበት ዘመን፣ ከክፍለ ጦርም ይሁን ከውጭ አገር፣ ሰው ድምፁን ቀድቶ በመንገደኛ መላክ የተለመደ ነበር። እንዲያ ከሆነ የአባታችሁ የወጣትነት ድምፅ ያለበት ብቸኛው ነገር እሱ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለውን ቸኩለሽ አትዝለይው።

ካሴቱን ገልብጠሽ ጀርባውን እይ፣ ማለትም ጥብጣቡ ከሚታይበት ጎን በተቃራኒ ያለውን ጠርዝ። ግራና ቀኝ ሁለት ትናንሽ የፕላስቲክ ጥርሶች አሉ። እነሱ ካልተሰበሩ አሁኑኑ በቢላ ጫፍ ስበሪያቸው። ጥርሱ የሌለው ካሴት ላይ ቴፑ መቅዳት አይችልም። በስህተት ቀዩን ቁልፍ የተጫነ ልጅ ወይም የቴፕ ሠራተኛ የአባትሽን ድምፅ በሬዲዮ ሊሸፍነው ይችላል፣ እና ያ አይመለስም።

ቀጥሎ ጥብጣቡን በመስኮቱ በኩል በብርሃን አይተሽ መርምሪ። ጥቅሉ ላይ ነጭ ወይም አመድ የመሰለ ነገር ካለ ሻጋታ ነው፤ ቴፕ ውስጥ እንዳታስገቢው። ንጹሕ ከሆነ ደግሞ ታች መሐል ላይ ያለችውን ትንሽ ስፖንጅ እያት። ወድቃ ከሆነ ድምፁ ይታፈናል፤ ቅርፊቱ በብሎን የታሰረ ከሆነ ጥብጣቡን ወደ ሌላ ደህና ካሴት ቅርፊት ማዛወር ይቻላል፣ ለዚያ የለመደ እጅ ፈልጊ።

ቴፑን መጀመሪያ በሌላ፣ በማያስቆጭ ካሴት ሞክሪው። ጥብጣብ የሚበላ ቴፕ አለ። የድምፅ ማንበቢያውን ራስ በአልኮል በረጠበ ጥጥ ጥረጊው። ከዚያ ያንቺን ካሴት እስከ መጨረሻው አስኪደሽ መልሺው፤ ለዓመታት ተጠቅልሎ የቆየ ጥብጣብ እርስ በርሱ ይያያዛል፣ ይህ ያላቅቀዋል። ከዚያ ከቴፑ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ በገመድ ወደ ኮምፒውተር። ኦዳሲቲ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ይበቃል። «ዌቭ» (WAV) በሚባለው ፎርማት አስቀምጪው፤ የአንድ ሰዓት ድምፅ 600 ሜጋባይት ገደማ ይይዛል። ለቤተሰብ ለመላክ ኤምፒ3 ቅጂ ሥሪ፣ ዋናው ግን ዌቩ ነው። ገመድም ኮምፒውተርም ከሌለ ጸጥ ያለ ክፍል ውስጥ ስልክሽን ከቴፑ ድምፅ ማውጫ ፊት አድርገሽ ቅጂው። ጥራቱ ይቀንሳል፣ ግን ከምንም ይሻላል።

ለካሴት ቤት ከሰጠሽ እዚያው ቁጭ ብለሽ ጠብቂ። ሥራው ካሴቱ የሚፈጀውን ጊዜ ነው የሚፈጀው፤ የ60 ደቂቃው 60 ደቂቃ። «ነገ ነይ» ካሉሽ ነገ ከካሴትሽ ጋር ተመለሺ።

እና አደራ፣ ካሴቱን ለአያትሽ ድንገት እንዳታሰሚያቸው። መጀመሪያ ብቻሽን ስሚው። ምን እንዳለበት አታውቂም። የሞተ ልጅ «እማዬ እንደምን አለሽ» ብሎ ሲናገር መስማት ለአንድ እናት ቀላል ነገር አይደለም። አስቀድመሽ ንገሪያቸው፣ መስማት እንደሚፈልጉ ጠይቂ፣ ሰው ባለበት ይሁን። እንቢ ካሉም እንቢ ነው።

ፎቶዎቹ። ዓይናቸው ደክሟል ካልሽኝ አይቀር ሁለቱን ሥራ አንድ ላይ ልታስኬጂው ትችያለሽ። በእርሳስ፣ በለስላሳ እርሳስ፣ በእያንዳንዱ ፎቶ ጀርባ ጠርዝ ላይ ቁጥር ጻፊ። እስክሪብቶ አይሁን፤ ይነድላል፣ ቀለሙም ፊት ለፊት ይወጣል። ከዚያ የድምፅ መቅጃውን ከፍተሽ ቁጥሩን ጮክ ብለሽ ተናገሪ፣ ፎቶውንም ተርኪላቸው። «እማማ፣ ቁጥር 14። አንድ ረጅም ሰው ቆሟል፣ እጁን ወንበር ላይ አድርጓል። ሰዓቱን ከእጅጌው በላይ አሥሮታል። ከኋላው መጋረጃ ላይ ሐይቅና ዛፍ ተሥሏል። ከጎኑ የተቀመጠች ሴት ሬዲዮ ጭኗ ላይ ይዛለች።» በዚህ መሀል ነው «ሬዲዮው እኮ የስቱዲዮው ነው! እሱ የት አባቱ ሬዲዮ አለው» የሚሉሽ። ዓይናቸው ጥሩ ቢሆን ኖሮ «እሱ እገሌ ነው» ብለው ያልፉት ነበር። አንቺ ስትተርኪላቸው እሳቸው ያርሙሻል፣ እርማቱ ውስጥ ታሪኩ ይወጣል። ወደ ፊት ድምፁን የሚሰማ ልጅም የትኛው ፎቶ እንደሆነ በቁጥሩ ያገኘዋል።

የፎቶውን ጀርባም ስካን አድርጊ። የስቱዲዮው ማኅተም አለ፣ «ለማይረሳኝ ወንድሜ ለማስታወሻ» የሚል ጽሑፍ አለ፣ ቀን አለ። ብዙ ሰው ፊቱን ብቻ ስካን ያደርግና የታሪኩን ግማሽ ሻንጣ ውስጥ ይተወዋል።

ፎቶ ኮፒ ቤት ከሄድሽ «600 ዲፒአይ፣ በቀለም፣ ፒዲኤፍ ሳይሆን በምስል» በያቸው፤ ዲፒአይ የምስሉ ጥራት ልክ ነው። ጥቁርና ነጭ ፎቶም ቢሆን በቀለም ይነሳ። ለደብዳቤ 300 ይበቃል። በስልክ የምታነሺ ከሆነ መስኮት አጠገብ፣ ፍላሽ አጥፍተሽ፣ ስልኩን ከፎቶው ጋር እኩል አድርገሽ ያዢው። አልበም ላይ የተጣበቀውን በጥፍር አትቅደጂ፤ ስስ ክር ከሥሩ አስገብተሽ በዝግታ ሞክሪ፣ እንቢ ካለ እንደተጣበቀ አንሺው። ከመስታወት ጋር የተጣበቀ ፎቶንም እንዲሁ፣ ከነመስታወቱ። አሁን ፎቶ ቀለም የሚቀባና ፊት የሚያሳምር አፕ በዝቷል። ለግድግዳ ይሁንላችሁ፤ ግን ያልተነካው ቅጂ ይቀመጥ። ያ አፕ የአያትሽን አባት ፊት አያውቀውም፣ ገምቶ ነው የሚሠራው።

ላሚኔት ነገር ይቅርብሽ! እኛ አገር ወረቀት ሁሉ ላሚኔት ይደረጋል፣ የልደት ካርዱም ዲፕሎማውም። በሙቀት የተጣበቀ ፕላስቲክ አይላቀቅም፤ ወረቀቱ ውስጡ ሲበላሽ ቆመሽ ማየት ነው። የተቀደደ ደብዳቤን በፕላስተር አትለጥፊ፣ ሙጫው ይቀራል፣ ቢጫ ይሆናል። ናፍታሊንም ከፎቶና ከካሴት ጋር አይቀመጥ።

ሻንጣው አልጋ ሥር ነበር አልሽ። የባሕር ዳር ክረምት ደግሞ ታውቂዋለሽ፣ ከሰኔ እስከ መስከረም ልብስ እንኳ ቁም ሳጥን ውስጥ ይሸታል። ከወለል አንሺው፣ ከውጭ ግድግዳ አርቂው፣ ከጣሪያ ሥርም የሚያፈስ እንዳይኖር እይ። ፎቶዎቹን ፌስታል ውስጥ አሥረሽ አታፍኛቸው፤ የወረቀት ፖስታ፣ ከዚያ ካርቶን። እርጥበት ከነካቸው በጥላ፣ በነፋስ ይድረቁ። ፀሐይ ላይ ካሰጣሻቸው ይጠቀለላሉ፣ ይገረጣሉም። ጥቅምት ሲገባ ከፍተሽ አናፍሻቸው፣ ምስጥና አይጥ አለመኖሩንም በዚያው ታያለሽ።

አሁን የወንድምሽ ቴሌግራም። ፎቶን እንደ ፎቶ ከላክሽው ቴሌግራም ጨምቆ ጥራቱን ይቀንሰዋል፤ እንደ ፋይል ላኪው። ሌላው ደግሞ አካውንቱ ለረጅም ጊዜ ሳይከፈት ከቆየ ራሱን ያጠፋል፣ ስልክ ቁጥሩም ካልተሠራበት ለሌላ ሰው ይሰጣል። ጉግልም 2 ዓመት ሙሉ ያልተከፈተ አካውንትን ከነያዘው ሊያጠፋ እንደሚችል ደንቡ ላይ ጽፏል። ስለዚህ እነዚህን ለማዳረሻ ተጠቀሙባቸው፣ ለማስቀመጫ ግን ብቻቸውን አትመኗቸው።

በሙያው ያለው ልማድ ሦስት ቅጂ ነው፣ በሁለት ዓይነት ዕቃ ላይ፣ አንዱ ሌላ ከተማ። አንዱ እናንተ ጋ ሃርድ ዲስክ ላይ፣ አንዱ ኢንተርኔት ላይ፣ አንዱ አዲስ አበባ ወይም ውጭ ያለ ዘመድ ጋ። ፍላሽ ለማመላለሻ ነው፣ ለዓመታት ማስቀመጫ አይሆንም። ሃርድ ዲስኩንም በየዓመቱ ሰክተሽ ፋይሎቹ መከፈታቸውን አረጋግጪ፣ አራት አምስት ዓመት ሲሆነው ወደ አዲስ ገልብጪ። ይህ የሌላ ከተማ ጉዳይ የዋዛ አይደለም። የአያትሽ ጎረቤት የሆኑት የጣና ገዳማት መጻሕፍት ብራና ናቸው፣ መቶ ዓመታትን ችለዋል። እነሱም እንኳ እ.ኤ.አ. በ1968 ኤርንስት ሐመርሽሚት በሚባል ጀርመናዊ ምሁር ማይክሮፊልም ተነሥተዋል፤ መጽሐፉ ደሴቱ ላይ ቀረ፣ ምስሉ ሌላ አገር ተቀመጠ። ያንቺ አባት ፎቶ ደግሞ ብራና እንኳ አይደለም።

የፋይሉን ስም በአማርኛ ጻፊው፣ ዓመቱን አስቀድመሽ፣ ቁጥሩን አስከትለሽ። የዛሬ ስልኮችና ኮምፒውተሮች ያነቡታል። በነገራችን ላይ አባታችሁ በኮምፒውተር የጻፉት ነገር በሲዲ ወይም በፍሎፒ ካገኛችሁና ሲከፈት ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ከሆነባችሁ አትጣሉት። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው የኮምፒውተሮች የጋራ የፊደል ሥርዓት ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያ በኋላም ብዙ ዓመት፣ ፓወር ግዕዝ ወይም ቪዥዋል ግዕዝ በሚባሉ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች ነበር የሚጻፈው። ፎንቱ ሲጫን ጽሑፉ ይመለሳል፣ ከዚያ ወደ ዩኒኮድ ይቀየራል።

ሁሉንም አታትሙ፣ ጥቂቱን ግን አትሙ። ሠላሳ አርባ ፎቶ ምረጡ፣ ከሥራቸው ስም፣ ቦታና ዘመን፣ አንድ ገጽ የዘር ቆጠራ፣ ሁለት ሦስት ገጽ የአያትሽ ንግግር። ማተሚያ ቤት ጠርዞ ይሰጣችኋል። ለየቤቱ አንድ አንድ። የይለፍ ቃል የማይጠይቅ ብቸኛው ቅጂ ይህ ነው። ቆንጆ መጽሐፍ እናድርገው ብላችሁ ግን አትጀምሩ። «ቆንጆ እስኪሆን» ተብሎ ፍላሽ ላይ የቀረ የቤተሰብ መጽሐፍ ብዙ ነው።

ቤታችሁ ዳዊት ወይም ሌላ የጸሎት መጽሐፍ ካለ የመጀመሪያና የመጨረሻ ባዶ ገጾቹን እዪ። ልደት፣ ክርስትና፣ ሞት የሚጻፈው እዚያ ነበር። አባወራው የእድር ጸሐፊ ከነበረም መዝገቡ የት እንዳለ ጠይቂ።

ሻንጣውን በተመለከተ ለወንድምሽ ይህን በይልኝ፦ ስካን የተደረገ ነገር ዋናውን አይተካም። ዛሬ በ600 ዲፒአይ ያነሣነውን ነገ በተሻለ መሣሪያ ደግመን ልናነሣው እንችላለን፣ ዋናው ካለ። ቦታ ከጠበበ የደበዘዙትንና የተደጋገሙትን ቀንሱ። ያንንም የምታደርጉት አያትሽ እያንዳንዱ ላይ ያለውን ሰው ከነገሩሽ በኋላ ነው።

ካሴቶቹ ላይ ነጭ ነገር ካየሽ ደግሞ ምንም ሳትነኪ በቅርበት ፎቶ አንሥተሽ ላኪልኝ፤ ሻጋታው ሕያው ይሁን የደረቀ አይቼ ቀጣዩን እነግርሻለሁ። እስከዚያ ከፎቶዎቹ ለይተሽ በወረቀት ፖስታ አስቀምጪያቸው፣ ይተላለፋል።